ማውሱ ሲቆራረጥ፣ ዶንግሏ ስትጠፋ፦ ማራዘሚያ፣ ሌላ ዶንግል፣ ብሉቱዝ ወይስ ገመድ?

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛ አለኝ። ጥር ሲገባ ሥራ ይደራረብበታል። ባለፈው ጥር ታዲያ ማውሱ አላሠራ አለው። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ስትሄድ ድንገት ቀጥ ትላለች፣ ከዚያ ዘላ ሌላ ቦታ ትገኛለች። የባትሪ ድንጋይ ቀየረ፣ ያው ነው። አዲስ ዋየርለስ ማውስ ገዛ፤ ሁለት ሰዓት በደንብ ሠራና እሱም ጀመረው። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደረገ፣ ሁለት ቀን ሄደበት። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው የደወለልኝ። ሄጄ ሳየው የማውሱ ዶንግል ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ገመድ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰክታለች። ሃርድ ዲስኩ ቪዲዮ ኮፒ ሲያደርግ ማውሱ ይቆራረጣል፣ ኮፒው ሲያልቅ ደህና ይሆናል። ዶንግሏን ነቅለን በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። በዚያው አበቃ። አሮጌው ማውስም ምንም አልነበረበትም።

እንዲህ ያለ ነገር በየቢሮው አያለሁ፤ ከልቤም ያናድደኛል። ለአንዲት ገመድ የሚበቃ ችግር ላይ ሰው ሙሉ ኪቦርድና ማውስ ይገዛል። ወይ ደግሞ ለማውሱ ጨርሶ የማይሆን የብሉቱዝ አዳፕተር ይገዛና ሱቁ አልመልስም ይለዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ዶንግል የምለው ከዋየርለስ ማውስ ወይም ኪቦርድ ጋር የምትመጣውን የጥፍር ያህል የሆነች የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። ሪሲቨርም ይሏታል፣ ግን ሱቅ ገብታችሁ ሪሲቨር ብቻ ካላችሁ የዲሽ ሊመስላቸው ስለሚችል የማውስ በሉ።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ

አንድ ነገር ከገባችሁ ግማሹ ሥራ ያልቃል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ማውሱን ሳይሆን ዶንግሏን ነው። ማውሱ ድንጋይ ባይኖረው እንኳ ዶንግሏ ስትሰካ ዊንዶውስ ያቺን የመሰካት ድምፅ ያሰማል፣ ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥም አዲስ መስመር ይጨመራል። ድምፁ ከተሰማና ማውሱ ካልሠራ ዶንግሏን አትጠርጥሩ፤ ወደ ማውሱ፣ ወደ ድንጋዩና በመካከላቸው ወዳለው አየር ዙሩ። ምንም ድምፅ ከሌለ ወይ ፖርቱ ወይ ዶንግሏ ሞቷል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሌላ ፍላሽ እዚያው ፖርት ላይ ሰክታችሁ በአንድ ደቂቃ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ዶንግሏንና ማውሱን አብራችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። እዚያም እምቢ ካለ ችግሩ ከዕቃው ነው። እዚያ ሠርቶ የእናንተ ላይ እምቢ ካለ ዕቃ አትግዙ፣ ኮምፒውተራችሁን ወይም ቦታውን አስተካክሉ።

ድንጋዩን መቀየር ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው፣ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ሙሉ ሆኖም 1.2 ቮልት አካባቢ መሆኑ ነው፤ ተራው 1.5 ነው። አንዳንድ ማውስ በዚህ ምክንያት ገና ሳያልቅ ባትሪ ጨርሷል ይላል። የድንጋዩ ቤት ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ድንጋዩ አፍስሷል። ድንጋዩን አውጡና በጥጥ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ በደንብ ሲደርቅ መልሳችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይድናል።

መስታወት ጠረጴዛ ላይ ማውስ የምትጠቀሙ ካላችሁ ከታች ወረቀት አንጥፉና እዩት። የማውሱ ዓይን ከታቹ የሚያየውን ገጽ እየተከተለ ነው የሚሠራው፤ በሚያብረቀርቅና ጥርት ባለ ነገር ላይ የሚይዘው ያጣል። ይህም ከዶንግል ችግር ጋር ይመሳሰላል።

ኪቦርድ ላይ ሲሆን ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። በእንግሊዝኛ ቁልፎች የፊደሉን ድምፅ እየተከተልን በምንጽፍበት ዘዴ አንድ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን። አናባቢዋ መንገድ ላይ ከጠፋች ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። ሰላም ብላችሁ ጽፋችሁ ስላም ወይም ሰልም ይወጣል። ሰው ታዲያ የአማርኛ መጻፊያው ሶፍትዌር ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋውና እንደገና ይጭነዋል፣ አንዳንዱም በፊደል ግድፈት አለቃው ይቆጣዋል። መለያው ቀላል ነው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱትና አንድ አንቀጽ በፍጥነት ጻፉ። እዚያም ፊደል ከጎደለ፣ ወይም አንዱ ፊደል ሳትነኩት ተደጋግሞ ከወጣ፣ ሶፍትዌሩ ንጹሕ ነው። ፊደል የሚደጋገመው ጣታችሁን ማንሳታችሁን የሚናገረው መልእክት ዶንግሏ ጋ ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ ኮምፒውተሩ አሁንም እንደተጫናችሁት ያስባል።

አማራጭ አንድ፦ ያለችዋን ዶንግል ማቆየትና ቦታ መቀየር

እኔ ከሁሉም በፊት ይህን ሞክሩ የምለው ምክንያት አለኝ። ዶንግሏ የምትሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። በዚያው ሞገድ ላይ የድሮው ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሰው የማይጠረጥረው ዩኤስቢ 3.0 ነው። በሰከንድ 5 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ ከፖርቱና ከገመዱ የሚወጣው ጫጫታ በትክክል 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ላይ ይወድቃል። ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽሑፍ አውጥቷል። የጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ ማውሱን ያፈነው በዚህ ነው።

ስለዚህ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ፖርት ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ስለሆነ ለሃርድ ዲስክ ተዉለት። ማውስ ፍጥነት አይፈልግም፣ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2.0 ይበቃዋል። ግን ጥቁሩ ከሰማያዊው ጋር ተጣብቆ ካለ ፖርት መቀየሩ ብዙ አይጠቅምም፤ ዋናው ርቀት ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሆነ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝታችሁ ዶንግሏን ከኪቦርዱ አጠገብ አምጧት። ዴስክቶፕ ያላችሁማ ይህን ሳታደርጉ ሌላ ነገር አትግዙ። ኬዙ ከጠረጴዛ ሥር ነው፣ ዶንግሏ ከኋላ ተሰክታለች፣ በእሷና በማውሱ መካከል ሙሉ የብረት ሳጥን አለ። ጠረጴዛውም ብረት ከሆነ የባሰ ነው። ቢያንስ ወደ ፊት ለፊቱ ፖርት አዙሯት። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ኮምፒውተሩን ወደዚያ አሻግሩት፤ ራውተሩንም ከማውሱ አጠገብ አታስቀምጡት።

መቆራረጥ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ጥቂት አርፎ ሲነሣ ማውሱ ሙት ሆኖ የሚገኝ ከሆነ፣ ዶንግሏን ነቅላችሁ ስትሰኩም የሚነሣ ከሆነ፣ ይህ ሌላ በሽታ ነው። ዊንዶውስ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ፖርቱን እያጠፋው ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚለውን ክፈቱ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ካለው ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ፓወር ኦፕሽን ውስጥም ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዝጉት። ላፕቶፕ ላይ ባትሪ ትንሽ ይበላል፣ ዴስክቶፕ ላይ ግን የምታጡት ነገር የለም።

አማራጭ ሁለት፦ ሌላ ዶንግል መግዛት

ይህ ዶንግሏ ለጠፋባችሁ ነው። መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ክፈቱ፣ የማውሱን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ። ብዙ አምራቾች ዶንግሏን እዚያ ውስጥ ይሸጉጧታል፤ ዶንግል የለውም ተብሎ ሊጣል የነበረ ማውስ ውስጥ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አግኝቼአለሁ። ዕቃው ከውጭ የተላከላችሁ ከሆነና ዘመዳችሁ ሞክረውት ከነበረ ደግሞ ደውላችሁ ላፕቶፓቸው ጎን ላይ ተሰክታ ቀርታ እንደሆነ ጠይቋቸው። በጣም የተለመደ ነው።

ከሌለች የሚወስነው የማውሱ ብራንድ ነው። ሎጊቴክ ከሆነና ዕቃው ላይ ስድስት ጨረር ያላት ብርቱካናማ ምልክት ካለች ዩኒፋይንግ ይባላል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ማንኛውም ዩኒፋይንግ ዶንግል ይሆንለታል፣ አንዷ ዶንግልም እስከ 6 ዕቃ ትይዛለች። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሎጊ ቦልት የሚባለውን አወጡ፣ ምልክቱ መብረቅ ነው። እሱም 6 ይይዛል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይግባቡም፤ መብረቅ ያለበትን ኪቦርድ በብርቱካናማዋ ዶንግል አታገናኙትም። ሱቅ ስትሄዱ ማውሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምልክቱን ከምልክቱ ጋር አስተያዩ። ማገናኘቱ በድርጅቱ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ሊኑክስ ላይ ለምትሠሩም ሶላር የሚባል ፕሮግራም አለ።

ምልክት የሌለው፣ ስሙ ብዙም የማይታወቅ ርካሽ ማውስ ከሆነ ግን ቁርጡን ልንገራችሁ። እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ከዶንግላቸው ጋር ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚጣመሩት። ከጎኑ ከነበረው ካርቶን የወጣ፣ ሞዴሉ አንድ የሆነ ዶንግል ብታመጡ እንኳ አያውቀውም። ለሁሉም ማውስ የሚሆን ዶንግል አለኝ የሚላችሁ ባለሱቅ ካለ እዚያው ሰክቶ ሳያሳያችሁ ገንዘብ አትስጡ።

አማራጭ ሦስት፦ ብሉቱዝ

ትልቁ ስሕተት እዚህ ጋ ነው። ዋየርለስ ማለት ብሉቱዝ ማለት አይደለም። በዶንግል ብቻ የሚሠራ ማውስ ከብሉቱዝ ጋር መቼም አይገናኝም፣ አዳፕተር ብትገዙለትም አይገናኝም። ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው፣ ቋንቋቸው ግን የተለያየ ነው። ዕቃችሁ ብሉቱዝ እንዳለው ለማወቅ ከሥሩ የብሉቱዝን ምልክት ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዞሩበትን ማብሪያ ፈልጉ። ሁለቱንም የያዙ አሉ፤ ዶንግላቸው ከጠፋ ወደ ብሉቱዝ ማዞር ብቻ ነው፣ ምንም አትገዙም።

የብሉቱዝ ጥሩነቱ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ፖርት አይዝም። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሁለት ሞላላ የዩኤስቢ-ሲ ፖርት ብቻ ይዘው ሲመጡ፣ ዶንግል ለመሰካት ሌላ መቀየሪያ መግዛት ለሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የብሉቱዝ ኪቦርዶች ላፕቶፕና ስልክ ላይ ባንድ ቁልፍ ይቀያየራሉ። ሞገዱንም በዘዴ ነው የሚጠቀመው። አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመው የብሉቱዝ ዓይነት ሞገዱን 40 ቦታ ከፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሠራል፤ ዋይፋይ የያዘውን ቦታ እያወቀ ያልፈዋል።

ጉድለቱ ግን አለ፣ አንዱ ደግሞ ከባድ ነው። ብሉቱዝ የሚነሣው ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ነው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) መግባት ከፈለጋችሁ፣ ወይም ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ተነሥቶ ባለ 48 አኃዙን የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ አስገቡ ቢላችሁ፣ የብሉቱዝ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ላፕቶፕ የራሱ ኪቦርድ ስላለው አያሳስብም። ዴስክቶፕ ላይ ግን ያጣብቃል። ዶንግል ይህ ችግር የለባትም፣ ኮምፒውተሩ እንደ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ስለሚያያት።

ሌላው፣ ላፕቶፕ ውስጥ ዋይፋይና ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ አንድ ካርድ ላይ ናቸው። በ2.4 ዋይፋይ ትልቅ ፋይል ስታወርዱ ማውሱ ሊጎትት ይችላል። መፍትሔው ቅድም ያልኩት 5 ጊጋኸርዝ ነው። ዴስክቶፓችሁ ብሉቱዝ ኖሮት ሁለት ክንድ እንኳ የማይደርስ ከሆነ ኬዙን ከኋላ እዩት፤ ሁለት ወርቃማ ብሎን የመሰሉ ነገሮች ባዶአቸውን ካሉ አንቴናው ካርቶን ውስጥ ቀርቷል።

ብሉቱዝ የሌለው ዴስክቶፕ ካላችሁና ብሉቱዝ ኪቦርድ ካላችሁ ትንሽ የዩኤስቢ ብሉቱዝ አዳፕተር ይሆናችኋል። በተረፈ እኔ አልወደውም። እሷም እንደ ዶንግል በዩኤስቢ 3 ጫጫታ ትታወካለች፣ ስለዚህ ማራዘሚያው እዚህም ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የራሱ ብሉቱዝ ካለው ዊንዶውስ ሁለቱን አብሮ አያሠራም፣ የውስጡን ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ማጥፋት አለባችሁ። በጣም ርካሾቹ ውስጥ ደግሞ የታወቀ ቺፕ አስመስለው የተሠሩ አሉና መመለስ በሚቻልበት ሱቅ ግዙ።

አማራጭ አራት፦ ወደ ገመድ መመለስ

ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ አላየውም። ድንጋይ አይፈልግም፣ ሞገድ አይረብሸውም፣ ባዮስ ውስጥ ይሠራል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ሰው ኪቦርዱን ማንቀሳቀስ ለምን ያስፈልገዋል?

ደኅንነቱም አለ። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ባስቲል የተባለ የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ ማውስጃክ ያለውን ክፍተት ይፋ አደረገ። የሎጊቴክን፣ የማይክሮሶፍትን፣ የዴልን፣ የኤችፒን፣ የሌኖቮን ዶንግሎች ጨምሮ ብዙዎቹ ከማውስ የሚመጣውን መልእክት ሳይመረምሩ ይቀበሉ ነበር። እስከ 100 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ርካሽ መሣሪያ ይዞ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ እንደ ኪቦርድ መጻፍ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ የምትጽፉትን ምንም ሳይመሰጥሩ በአየር ላይ የሚለቁ ርካሽ ኪቦርዶች እንዳሉ አሳዩ። ሎጊቴክ ለዩኒፋይንግ ማስተካከያ ስላወጣ አሮጌ ዶንግል ያላችሁ ሶፍትዌሩን አዘምኑ። ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ግን ማስተካከያ የሚያወጣለት የለም። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የባንክ ፓስወርድ የሚጽፍ፣ የታካሚ መዝገብ የሚያስገባ ሰው ርካሽ የዶንግል ኪቦርድ ላይ መጻፍ የለበትም። ማውሱም ዋየርለስ ከሆነ ብሉቱዝ ወይም ማስተካከያ የተደረገለት ዶንግል ያለው ይሁን፤ ኪቦርዱ ገመድ ያለው ይሁን፣ ወይም ብሉቱዝ ወይም ቦልት ይሁን።

ታዲያ እናንተ የቱን?

ዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩና ዕቃው ያላችሁ፣ ማራዘሚያ ገመዱን ገዝታችሁ ሌላውን ሁሉ እርሱት። ላፕቶፕ ተሸክማችሁ ቤትና ቢሮ የምትመላለሱ፣ ብሉቱዝ ያለው ማውስ ያዙ፣ ከተቻለ ሁለቱንም የያዘውን። ዶንግላችሁ የጠፋው ሎጊቴክ ከሆነ ምልክቷን አይታችሁ ዶንግል ብቻ ግዙ። ዶንግላችሁ የጠፋው ርካሹ ከሆነና ብሉቱዝ ከሌለው አትድከሙ፣ አዲስ ግዙ። ጌም የምትጫወቱ ደግሞ ብሉቱዝን ተዉት፤ ተራ ማውስ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ ሲናገር የጌም ዶንግሎች 1000 ጊዜ ይናገራሉ፣ ልዩነቱም በእጅ ይታወቃል። የቢሮ ኃላፊ ከሆናችሁ ሌላው ነገር ምንም ይሁን ምን አንድ ባለገመድ ኪቦርድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።

ቢሮ ውስጥ አሥር ተመሳሳይ ማውስ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የጥፍር ቀለም አምጡ። አንድ ማውስና ዶንግሏ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ፣ ሌላው ላይ ሁለት ቀይ። ቢሮ ሲቀየር ወይም ቀለም ሲቀባ ሁሉም ተነቅሎ አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ነጥቡ ከሌለ የትኛዋ ዶንግል የማን እንደሆነች ለማወቅ እያንዳንዷን ከአሥሩም ጋር መሞከር ነው።